መዝገቡን በቃሉ የያዘው ማሽን

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12

ለልጄ፣ ለመኩሪያዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቴን እያለች ነው፤ እኔ ግን ያመማት ናፍቆትሽ ይመስለኛል።

እንግዲህ ዛሬ ልኩራ። ባለፈው ወር እዚያው ሆነሽ የሠራሽልን ነገር ሆስፒታሉን ጉድ አሰኝቶታል። የድሮውን ታስታውሻለሽ፤ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ሲያገላብጥ፣ እኛ ስክሪን ላይ ስናፈጥ፣ ሰልፉ ከካርድ ክፍል አልፎ ደረጃው ጋ ይደርስ ነበር። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ የቆየሁ ሰው፣ እሱ እስኪመልስ ቁጥሩንም ሕመሙንም ከጭንቅላቴ አወጣዋለሁ። «ተንቀሳቃሽ መዝገብ» ያሉኝ በከንቱ አይደለም።

በስልክ «አባዬ፣ አንተን ነው የቀዳሁት። መዝገቡን በሙሉ ሜሞሪው ላይ አወጣሁት፤ በተጠየቀ ቁጥር ዲስክ ድረስ መሄዱ ቀርቶ በቃሉ ይመልሳል» ስትዪኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር ብሎኝ ነበር። «መብራት ሲጠፋ ይረሳዋላ!» ብዬ ላሳጣሽ ሞከርኩ። ሳቅሽብኝ። «የተለወጠውን ሁሉ ወዲያው ዲስክም ላይ ይጽፋል፤ መብራት ሲመጣ አንብቦ ያስታውሳል» አልሽኝ። 

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ነፍሰ ጡር ራሷን ስታ መጣች። ባሏ በድንጋጤ አፉ ተሳስሯል። ቶሎ ቀዶ ጥገና መግባት ስለነበረባት አዋላጇ መስኮታችን ላይ ሮጣ ደረሰችና ስሟን ጠርታ «የማይስማማት መድኃኒት አለ?» አለች።

እኔ ቀና እንኳ ሳልል «የለም፣ አውቃታለሁ፣ ስጧት» አልኩ።

አዋላጇ ዞራለች። ከጎኔ ያለችው ጸሐፊ ግን ስሟን ጽፋ ጣቷን ሳታነሳ ካርዱ ተከፈተ፦ ፔኒሲሊን ፈጽሞ አይሰጣት። «ቆዪ! እንዳትሰጧት!» ብላ ጮኸች። እኔ በቃሌ ያነበብኩት የታናሽ እህቷን ካርድ ነበር። በድሮው ማሽን ቢሆን አዋላጇ የእኔን ቃል ይዛ ሄዳ ነበር።

እናትም ሕፃኗም ደህና ናቸው። ዶክተሩ መጥቶ «ይህን ፕሮግራም የሠራው ማነው?» ሲል ማንም ሳይቀድመኝ «ልጄ ናት! የእኔ ልጅ!» አልኩ። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ቤት ስገባ እናትሽ እራቴን ሳልነካ መተዌን አይታ «ምነው?» አለችኝ፤ «ደክሞኝ ነው» አልኳት።

በማግስቱ በራሴ እጅ ማስታወቂያ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ፦ «ከማሽኑ ሳይታይ የማንም ታካሚ ካርድ በቃል አይነገርም።» አዲሶቹ ሠራተኞች ለእነሱ የወጣ መስሏቸው አኩርፈውኛል። ያኩርፉ።

እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። የማታውቂያት ሕፃን በአንቺ ሥራ እናት አላት፤ ይህን በረከት ማንም አይውሰድብሽ። ስትደውዪ ለእናትሽ ስለ ሕፃኗ አጫውቻት፤ የእኔን ነገር ግን አታንሺባት።

አባትሽ