በእግር ይሻገሩታል ስለተባለው ባሕር

ለደሴቲቱ የጎብኚዎች መረጃ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ታግኝዎት፤ ልጆችዎም በሰላም ወጥተው በሰላም የሚገቡ ይሁኑልዎት።

እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሴት ስሆን፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አገርዎን ለማየት የበቃሁት መሥሪያ ቤትዎ ያሳተመውን ባለ ቀለም የጉዞ መመሪያ አምኜ ነው። ወንድሜ በያጅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከእሳት ጋር ሲታገል ኖሮ ባሕር ማየት አማረው፤ እኔም ብቻውን አይሂድ ብዬ ተከተልኩት። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. መመሪያዎ ስለ ትንኝ፣ ስለ ፀሐይ ቅባት፣ ስለ ሶኬቱ ቅርጽ ሳይቀር አንድም ሳያዛንፍ ነግሮናል። ሻንጣችንን ያሰናዳነው በእርስዎ ቃል ነው፤ ምንም የጎደለን ነገር አልነበረም።

፪. «ነዋሪው እንግዳ አክባሪና ቁጥብ ነው» ብለዋል፤ ልክ ነው። ከሆቴላችን ፊት ለፊት ወደምትታየው ትንሽ ደሴት በእግራችን ልንሻገር መሆኑን ስንናገር፣ ቁርስ ታቀርብልን የነበረችው ሴት ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ወንድሜ «ምነው፣ ሩቅ ነው እንዴ?» ቢላት፣ «ሩቅስ አይደለም» ብላ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ አየችው። እሱ ፈገግ አለ። እሷ አንገቷን ደፍታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ጎብኚ የሚያስደነግጥ ወሬ የሚያወራ ሠራተኛ እንዲባረር ያዘዙት እርስዎ መሆንዎን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ትእዛዝዎ እንዲህ እስከ ማድ ቤት ድረስ ዘልቆ መከበሩን ሳይ በእውነት ተደንቄያለሁ።

፫. «ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ትንሿ ደሴት በእግር መሻገር ይቻላል፤ ለቤተሰብ የሚመች አስደሳች ጉዞ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ይቻላል፤ ሄደንበታል። አሸዋው እንደተወለወለ ወለል ያበራ ነበር፤ ወንድሜም የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ የሞላበትን እጁን ዘርግቶ እንደ ልጅ እየሳቀ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ልቤን የከበደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ሁሉ ከባሕሩ ርቀው ከዛፍ ጋር ታስረዋል፣ ዳር ላይ የሚጫወት ሕፃን እንኳ አይታይም። «አልወደድኩትም፣ እንመለስ» ስለው፣ «እህት ዓለም፣ ለዚሁ ጸጥታ አይደል እንዴ የመጣነው?» ብሎ ቀለደብኝ።

ባሕሩ መቼና በየት በኩል እንደሚመለስ ግን መመሪያዎ ዝም ብሏል። እኔ ከፊት ይመጣል ብዬ አድማስ አድማሱን ሳይ፣ ውሃው ለካ ከኋላችን፣ በመጣንበት አሸዋ መካከል ባሉት ቦዮች ድምፅ ሳያሰማ ገብቷል። ስንዞር መንገዱ የለም። ወንድሜ ክንዴን ይዞ እየጎተተኝ ጥቂት ከሄድን በኋላ ውሃው ደረቴ ደረሰ፤ እሱም ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ አንድ ቋጥኝ ገፋኝና «አጥብቀሽ ያዢ፣ ወደ ኋላ አትዪ» አለኝ። ያዝኩ። ዞር ስል አልነበረም።

ውሃው እስኪጎድል ድረስ ስሙን ስጠራ ቆየሁ፤ ከዚያ ዓሣ አጥማጆች መጥተው ከቋጥኙ ላይ አላቀቁኝ። አንዳቸውም ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁኝም። ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

፬. ላቀረብኩት አቤቱታ ስለሰጡኝ ፈጣን መልስም ባለውለታዎ ነኝ። አደጋው የደረሰው ጎብኚዎቹ «የአካባቢውን ነዋሪ ምክር ባለመጠየቃቸው» መሆኑን አስረድተውኛል። ክቡር ሆይ፣ ጠይቀን ነበር።

ውለታዎን በቁሟ የማትረሳ፣ እርስዎም እንዲረሱት የማትፈቅድ፣ ወንድሟን ተከትላ ሄዳ ሻንጣውን ብቻ ይዛ የተመለሰች አክባሪዎ፣

ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ አዲሱ የመመሪያዎ እትም ደርሶኛል። የሽፋኑ ፎቶግራፍ ከኮረብታ ላይ የተነሣ በመሆኑ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ በአሸዋው ላይ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች፣ ጫማውን በእጁ ያንጠለጠለው ወንድሜ፣ ከኋላው የምከተለው እኔ። ከሁለታችንም ኋላ ቦዮቹ መሙላት ጀምረዋል። ፎቶ አንሺዎ ከዚያ ቀጥሎ ያነሣው ካለ፣ እባክዎ ይላክልኝ።