የእህትህ የፊት ጥርሶች

ልጄ፣ ያለህበት አገር ይመችህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። የእህትህን ነገር ግን ከሰው አፍ ሳትሰማው ልንገርህ።

ባሏ እኔ ቤት ድረስ ተከትሏት መጥቶ በመዶሻ እጀታ አፏን ሲመታት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ተሰበሩ። ሊደግማት እጁን ሲያነሳ የፈላ ውሃ ከነማንቆርቆሪያው ደፋሁበት፤ እየጮኸ ወጣ። ስባሪዎቹን ከወለሉ ለቅሜ፣ እንዳይደርቁ ወተት ውስጥ ከትቼ ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ አንዱን መልሳ አጣበቀችው፤ ሌላው ድቅቅ ስላለ በጥርስ መሙያ ሠራችው።

ባሏ ወንድሙን ልኮ ይቅርታ ሲለምናት፣ «ከእንግዲህ ለእሱ የማሰብረው ጥርስ የለኝም» ብላ መለሰችው።

አንተም ደምህ ፈልቶ እንዳትመጣብኝ። ይልቅ ደውልና አስቃት፤ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ዕድሜህን ያርዝመው።

እናትህ