ክፍሉ የእኛ፣ ሥራው የጎረቤት

ለክቡር አቶ ኦኩዳይራ፣ የከተማችን የምድር ውስጥ ባቡር ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? የወገብዎ ሕመምስ ተሻለዎት? በዚህ በዝናብ ወራት ከደረቁና ከሞቀው ቢሮዎ እንዳይለዩ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ የአኦይ መስመር የቀድሞ የባቡር ተቆጣጣሪ ሂሮታካ ኢሶጋይ፣ ከቅናት በቀር ደህና ነኝ።

አንደኛ፤ የመቆጣጠሪያ ክፍላችንን ሥራ ከከተማ ዳር ለሚመጣው የግል ባቡር ኩባንያ ሲሰጡ ባለቤትነቱን ለእኛ ስላስቀሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ግድግዳው የእኛ ነው፤ የሚያፈሰው ጣራ ሳይቀር የእኛ ነው። ባቡሮቹን የሚያዘው ሰው ብቻ የእነሱ ሆነ። እኔንም “የባለቤት ተወካይ” ብለው ሾመው ከክፍሉ ውጭ፣ ከመስታወት ጀርባ ሆኜ እንዳይ አቆሙኝ። “ሹመት ያዳብር!” ያሉኝ ባልደረቦቼ እስካሁን ሳቃቸውን አልጨረሱም።

ሁለተኛ፤ ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው ወይዘሪት ሺኖሚያ ትባላለች። ምነው ሰነፍ በሆነች! ነጂዎቹ በሬዲዮ ሲያነጋግሯት ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ እኔን ሲያነጋግሩ ግን ጥርስ ሊነቀልላቸው የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። አንዱማ “ወይዘሪት ሺኖሚያ፣ ዛሬ ተረኛዋ እርስዎ ነዎት? እፎይ!” ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ።

ሦስተኛ፤ በእኛ ሙያ የምልክት መብራት በተለወጠ ቁጥር በጣት እየጠቆሙ “መንገዱ ክፍት!” ብሎ መጮኽ ግዴታ መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ልማዱ ደም ሥሬ ውስጥ ስለገባ ከመስታወቱ ጀርባም ሆኜ እጠቁም፣ እጮኽም ነበር። “ባለቤት ይመልከት እንጂ አይጠቁም” የሚል ማሳሰቢያዎ ከደረሰኝ ወዲህ ግን እጄን ኪሴ ከትቼ እቆማለሁ። ጣቴን ከእኔ አስቀድመው ጡረታ ስላወጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

አራተኛውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ባለፈው ሳምንት ጎርፍ ዋሻው ገብቶ፣ ሰው የሞላው ባቡር በሁለት ጣቢያዎች መካከል ቆመ፤ ከኋላው ሌላ ባቡር ይመጣ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ የተመኘሁት ወይዘሪት ሺኖሚያ እንድትሳሳት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ “ኢሶጋይ ቢኖር ኖሮ” እንዲባልልኝ። እሷ ግን የኋለኛውን ባቡር በጊዜ አቆመችው፤ የፊተኛውን ነጂ ደግሞ “አይዞህ፣ አለሁልህ” እያለች ቀስ አድርጋ ወደ ጣቢያው አስገባችው። ሰው ሁሉ በሰላም ወረደ።

ከዚያ ወጣችና ጎንበስ ብላ እጅ ነስታኝ፣ “አቶ ኢሶጋይ፣ እርስዎ ከጀርባዬ ባይቆሙ ኖሮ ባቡሮቹን እንዲህ ተረጋግቼ አላዝም ነበር” አለችኝ።

ቅናቱን እንደምንም እችለዋለሁ፤ ምስጋናዋን ግን አልቻልኩትም።

ስለዚህ የፊታችን ሰኞ ውሉን ለተጨማሪ ዓመታት ከመፈረምዎ በፊት፣ ወይ ከጎኗ ትንሽ ጠረጴዛ እንዲሰጡኝ፣ ወይ ደግሞ ከዚያ መስታወት እንዲያርቁኝ በትሕትና እለምናለሁ። የሰው ስሕተት የሚጠብቅ ሰው ባቡር አጠገብ ማቆም ደግ አይደለም።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
የግድግዳው፣ የጣራውና የጠብታው ባለቤት
ሂሮታካ ኢሶጋይ

ማስታወሻ፦ የእርስዎም ጽሕፈት ቤት ሥራ በመጪው ጸደይ ለኩባንያ እንደሚሰጥ፣ ባለቤትነቱ ግን ለእርስዎ እንደሚቀር ዛሬ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት። ተረካቢው እጅግ ጎበዝ ሰው ነው አሉ።