ባንዲራው ድንጋዩ ጋ አልነበረም

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ነገራችን የተበላሸው አርብ ዕለት ጫካ ውስጥ በጉንፋን ስትስል ነው። ካርታው ወዳሳየኝ ቦታ ደርሼ፣ መሃሉ ለሁለት የተሰነጠቀውን ትልቅ ድንጋይ በእጄ ደግፌ ቆሜ ነበር። ባንዲራው እዚያ መሰቀል ነበረበት። የለም። ድንጋዩን ዞርኩት፤ ስንጥቁ ውስጥ ገባሁ፤ ቀና ብዬ ቅርንጫፎቹን አየሁ። የለም። ያን ጊዜ ከታች፣ በመንገዱ በኩል፣ አንድ ሰው ሳለ። እንዳይሰማ አፉን በክንዱ አፍኖ የሚስል ሰው ነበር። ከመሬት እጄን የሚሞላ ድንጋይ አነሳሁ።

ከዚያ ደግመህ ሳልክ። ያን ሳል አውቀዋለሁ። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ማዶ ስሰማው ነው የከረምኩት፤ ማታ ማታ ዝንጅብል አፍልቼ በትልቁ ኩባያ የማመጣልህ ለሱ ሳል ነው። ድንጋዩን ግን አልጣልኩትም። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተ መሆንህን ካወቅኩ በኋላ ነው ይበልጥ አጥብቄ የያዝኩት።

ዛሬ እሑድ ነው። አንተ ሳይነጋ ወደ ቅየሳ ሥራህ ሄደሃል፤ እስክትመለስም ሳምንታት መሆኑ ነው። እማዬ «ኩርፊያው ይብቃችሁ፣ ደውይለት» ትለኛለች። አልደውልም። ስደውልልህ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም። ሳምንቱን አንተ በራስህ በኩል ታውቀዋለህ፤ በኔ በኩል ምን ይመስል እንደነበር ግን አልጠየቅከኝም።

ወደ ክለቡ ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ከሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ስወጣ፣ በማይክሮስኮፕ ደም ሲያይ የዋለ ዓይኔን አይተህ «ነይ፣ ትንሽ ዛፍ እይበት» አልከኝ። ካርታና ኮምፓስ ይዞ መሮጥ፣ ጫካ ውስጥ የተሰቀሉትን ብርቱካናማና ነጭ ባንዲራዎች በየተራቸው ፈልጎ ማግኘት፤ ሲያወሩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ካርታውን ከኮምፓሱ ጋር ማስማማትን፣ ያለሁበትን ቦታ በአውራ ጣቴ ይዤ መሮጥን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። «ጣትሽ ከካርታው ካልተነሳ አትጠፊም» ትለኝ ነበር። አመንኩህ። እውነትም ሆነልኝ፤ ጎበዝ ሆንኩ።

ጡረታ ወጥተው እንኳ የጂኦግራፊ መምህርነታቸው ያልለቀቃቸው አሠልጣኛችን፣ እትዬ ፊሽካ፣ ለዛሬው ውድድር ከክለቡ ሴቶች አንዷን ብቻ በረጅሙ መስመር ሊያሰልፉ ነበር። አጭሩን መስመር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሮጡታል። ረጅሙ የሚሮጠው ለብቻ ነው። ያን ከአንገታቸው የማይወርድ ፊሽካቸውን ነፍተው የኔን ስም ሲጠሩ ያጨበጨብክ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነበርክ። የልምምድ ባንዲራዎቹን የምትሰቅለውም አንተ። የረጅሙን መስመር ልምምድ ለኔ ብቻ ነበር የምታዘጋጀው፤ ስለዚህ አንዱ ቢጠፋብኝ «እናንተስ አይታችሁታል?» ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ይህን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ጫካ ገባሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ ከኋላዬ ደረቅ ቅጠል ኮሽ አለ። ስቆም ቆመ። ስሮጥ ቀጠለ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሯጭን እዚያው ጫካ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሳደው፣ መሬት ጥለው ስልኳን እንደቀሟት የነገርከኝ አንተ ነህ። እሷን እያሰብኩ ሽቅብ ሮጥኩ። ካርታው እጄ ላይ ተጨማደደ፤ ጣቴ የት እንደነበረ ጠፋኝ። ከጫካው ስወጣ ጉልበቴ በእሾህ ተቧጭሮ ነበር።

እራት ላይ «ሰው ተከትሎኛል» አልኩህ። ዳቦህን እየቆረስክ፣ ቀና ሳትል፣ «ነፋስ ነው፣ ሚጢጢ» አልከኝ።

«ነፋስ ስቆም አብሮኝ አይቆምም።»

«ፈርተሽ ነው። ስትፈሪ የማይሰማ ነገር ትሰሚያለሽ።»

እማዬ ሳህኗን ይዛ ተነሳች። ገና አልጨረሰችም ነበር።

በማግስቱ አምስተኛው ባንዲራ ጠፋብኝ። ካርታው ትንሿ ጉድጓድ ዳር ነው ይላል። ጉድጓዷን አገኘኋት። ባንዲራ የለም። ምናልባት ሌላ ጉድጓድ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ፤ እንደገና ከታች ጀመርኩ፤ ያው ጉድጓድ ጋ ደረስኩ። ብርሃኑ እየሳሳ ሲሄድ ባዶ እጄን ወጣሁ። ቤት ስደርስ ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ በጥሞና አየኸውና «ሸለቆውን ሳትጨርሺ ታጥፈሻል መሰለኝ» አልከኝ። መሰለኝ! የሰቀልከው አንተ፣ የት እንደሰቀልከው የምታውቀው አንተ፣ መሰለኝ ትለኛለህ።

ረቡዕ ሥራ ቦታ አንዱን ናሙና ደጋግሜ አየሁት። ያየሁትን አየሁ ብዬ መጻፍ አቃተኝ። አለቃዬ «ምነው፣ ዓይንሽን ምን ነካው?» አለችኝ። ማየት ሥራዬ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እኔ አየሁ ያልኩትን ይዞ ነው ሐኪሙ መድኃኒት የሚያዘው። በዚያች ጠዋት ግን የጫካው ጉድጓድ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ፣ ጆሮዬም ዓይኔም የሚዋሹኝ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ ለእትዬ ፊሽካ ደውዬ «አጭሩ መስመር ላይ ያድርጉኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«አልቻልኩበትም።»

«እኔ አልስማማም። ግን ሰው በግድ ጫካ አይገባም» ብለው ዘጉት።

ማታ ስነግርህ ትከሻህ ወረደ። የተሸከመውን ያራገፈ ሰው ትከሻ ነበር። «ብልህ ውሳኔ ነው» ብለህ ግንባሬን ሳምከኝ። ያን መሳም መልሰህ ብትወስድልኝ ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ጫካውን ትቼ አስፋልት ላይ ዳገት ስሮጥ አመሸሁ። በሱቆች መሃል፣ ሰው በሞላበት መንገድ፣ ዞር ዞር እያልኩ። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ከኋላዬ ደርሳ «ይቅርታ፣ አሳልፊኝ» ስትለኝ ጮህኩባት። ጋሪው ውስጥ የተኛው ልጅ ነቅቶ አለቀሰ። እኔም እቤት እስክደርስ አለቀስኩ። አርብ ተመልሼ ጫካ የገባሁት ደፍሬ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው። የዝግጅቱ የመጨረሻ ቀን ስለነበር፣ ከገዛ ጆሮዬና ከገዛ ዓይኔ ጋር ልጣላ ነው የገባሁት። ሐሙስ ማታ «ለነገ ረጅሙን መስመር ስቀልልኝ» ያልኩህም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ድንጋዬን ይዤ ቁጥቋጦውን ጥሼ ወረድኩ። መንገዱ ዳር በወደቀ ግንድ ላይ፣ አረንጓዴውን ጃኬትህን እስከ አገጭህ ዘግተህ፣ መሐረብ አፍንጫህ ላይ ይዘህ ተቀምጠሃል። ባንዲራው ከጎንህ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሚጢጢ፣ መጀመሪያ እሱን ድንጋይ ጣይው» አልከኝ።

«ባንዲራው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ስሚኝ...»

«ካርታው ድንጋዩ ጋ ነው የሚለው። እኔ ድንጋዩ ጋ ነበርኩ!»

«ልክ ነሽ። እዚያ ነበር መሆን ያለበት። ካርታውን እትዬ ቀድመው አይተውት ስለነበር መቀየር አልቻልኩም። በመንገዱ ትመጫለሽ፣ ከሩቅ ታይዋለሽ ብዬ ነው። እዚያ ላይ ከወጣሽ ከዓይኔ ትሰወሪያለሽ።»

በመንገዱ አልመጣሁማ! ኮረብታውን አቋርጬ ነው የመጣሁት። እሱንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

«ማክሰኞስ?» አልኩህ።

መሐረብህን አጣጠፍከው።

«ሰኞ ከኋላዬ የነበረውስ?»

«እማዬ አስምላኛለች። ከዓይንህ እንዳትጠፋ ብላኛለች። ሰኞ ስትደነግጪ ጊዜ መከተሉን ተውኩት፤ ቁጭ ብዬ ልጠብቅሽ አልኩ። ጠበቅኩሽ እንጂ ምን በደልኩሽ?»

ጉንፋኑ የያዘህ እኔን ስትጠብቅ፣ እርጥብ ግንድ ላይ ተቀምጠህ ነው። እኔ ደግሞ ዝንጅብል አፈላልሃለሁ። ኩባያውን ስትቀበለኝ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሚጢጢ» ትለኝ ነበር።

«ቅዳሜ ስንሰበሰብ ለእትዬ ትነግራቸዋለህ» አልኩህ።

«ባንዲራ መስቀሉን ይነጥቁኛል።»

«ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ራስህን ነቀነቅክ። እሺ ያልክ መሰለኝ። እኔም ድንጋዩን ያን ጊዜ ጣልኩት።

ቅዳሜ፣ የጫማ ጭቃ በደረቀበት የክለቡ ክፍል፣ እትዬ ፊሽካ ምድቡን አነበቡ። «አጭሩ መስመር፤ ዳቦ ጋጋሪውና ሚጢጢ።»

የክለባችን ቀልደኛ ዳቦ ጋጋሪው ወደኔ ዞሮ «አይዞሽ፣ ከኔ ጋ ብትጠፊም አትራቢም። ኪሴ ሙሉ ነው» አለኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አንተን አየሁህ። የጫማህን ክር ታስራለህ።

«ሌላ የሚባል ነገር አለ?» አሉ እትዬ።

ክሩን ፈታህና እንደገና ማሰር ጀመርክ። ጠበቅኩህ። ያን ያህል ማንንም ጠብቄ አላውቅም። እትዬ ወረቀታቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ ተነሳሁ።

«እትዬ፣ ማክሰኞም አርብም ባንዲራው ካርታው በሚያሳየው ቦታ አልነበረም። ሆን ተብሎ ነው የተዛወረው። እኔ አልጠፋሁም።»

«ማን ነው ያዛወረው?»

ስምህን አልጠራሁም። አሁንም ጊዜ ነበረህ። አንተ ሳልክ።

«መልሱ መጣ» አለ ዳቦ ጋጋሪው። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

«እውነቷን ነው» አልክ በመጨረሻ፣ ለጫማህ።

እትዬ የባንዲራውን ከረጢት ከጉልበትህ ላይ አነሱት። አንተን አንድም ቃል አልተናገሩህም። የተቆጡት እኔን ነው። «አንቺ ደግሞ! ካርታሽ ልክ ሆኖ፣ ቦታው ላይ ቆመሽ፣ ባንዲራው ተሳስቷል ብለሽ የማትመጪው ለምንድን ነው?»

መልሱ አሁን ገባኝ። የሰቀለው ወንድሜ ስለሆነ ነው። አንተ ተሳስተሃል ብዬ ከማሰብ፣ የገዛ ዓይኔ ተሳስቷል ብዬ ማመን ቀለለኝ። በየትኛውም ሌላ ሰው እጅ የተሰቀለ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ማታውኑ እትዬ በር ላይ ቆሜ እጮህ ነበር። ያበላሸህብኝ ይህን ነው።

«ረጅሙ መስመር» አሉኝ እትዬ። «ብቻሽን።»

ቤት ስንመለስ እማዬ «ወንድምሽን ሰው ፊት አዋረድሽው። ላንቺ ብሎ እኮ ነው» አለች። «እማዬ፣ ሰኞ ማታ ሳህን ይዘሽ የተነሳሽው ለምንድን ነው?» አልኳት። አለቀሰች። አቀፍኳት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም። አንተ በርህን ዘግተህ ቦርሳህን ታዘጋጅ ነበር።

ዛሬ ሮጥኩ። ወደ መጨረሻዎቹ ባንዲራዎች ስቃረብ፣ ጫካው ጥቅጥቅ ባለበት፣ ከኋላዬ ቅጠል ኮሽ አለ። ቆምኩ። ድምፁ አልቆመም፤ እየቀረበ መጣ። አውራ ጣቴን ከካርታው ሳላነሳ ዞር አልኩ። ከሌላ ክለብ የመጣች ሯጭ ናት፤ ፊቷ እንደኔው በላብ ታጥቧል። «መንገድ!» ብላ ጮኻብኝ አልፋኝ ሄደች። ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው ነው ብዬ ነበር፤ ሰው ሆነ። ጆሮዬ ደህና ነው።

የመጨረሻው ባንዲራ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ከወደቀ ዛፍ ሥር ነበር። ካርታው ያሳየው እዚያ ነው፤ እኔም ቀጥ ብዬ የሄድኩት እዚያ ነው። ስንተኛ እንደወጣሁ እማዬ ትንገርህ፤ ዋንጫ የሚያሸልም አይደለም። ያቺ ልጅም ከፊቴ ገብታለች። ግን ማንም ሳይመራኝ ገባሁ፣ ማንም ሳይጠብቀኝ ወጣሁ።

ጫካው አስጊ እንደሆነ አውቃለሁ። ፊሽካ ያዢ ብትለኝ እይዛለሁ። አብሬሽ ልሩጥ ብትለኝ ምናልባት እሺ እልህ ነበር፤ ብትደርስብኝ ነው እንግዲህ። ከፊቴ ተቀምጠህ «ፈርቼልሻለሁ» ብትለኝ ደግሞ እስከ መጨረሻው እሰማሃለሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላልከኝም። ሚጢጢ ማለትህንም አልጠላሁትም። ሳልህ ካልለቀቀህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ዝንጅብሉ ብቻ አይበቃም።

ከእንግዲህ ግን ያንተን ፍርሃት የኔ አለመቻል አድርገህ ስትሰጠኝ አልቀበልም። በሁለት እግሬ የቆምኩበትን ቦታ እዚያ አይደለሽም የሚለኝን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነፋስ ነው የሚለኝን ሰው አልቀበልም። ያ ሰው አንተ ብትሆንም። በተለይ አንተ ብትሆን።

ያልጠፋችው እህትህ