ከዌስትውድ ይዤው የመጣሁት ዜማ

ሐሙስ፣ ኦገስት 13፣ 2015

ዛሬ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ እትዬ አስካለን አገኘኋቸው። የቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ክፍል ኃላፊ ናቸው። እጄን ይዘው እዚያው ሱቁ ውስጥ ዘመሩልኝ። ግጥሙ የእመቤታችን ነው፣ ራሳቸው የጻፉት። ዜማው ግን የሚስ ሩት ነው።

ሚስ ሩት ዌስትውድ ሰፈር ቤቷ እየሄድኩ የምንከባከባት፣ ሞርሞን የሚባለው የፈረንጅ እምነት ተከታይ አሮጊት ናት። የልጆቿ ስም ጠፍቶባታል፣ አንድ የቤተ ክርስቲያኗ መዝሙር ግን አልጠፋባትም። ሳጥባትም ሳበላትም ትዘምረዋለች። «ዜማውን የደረሰው ሰውዬ እንዳንቺ ስደተኛ ነው፣ ከዌልስ ነው የመጣው» ትለኛለች በየቀኑ፣ እንደ አዲስ። ሶ፣ ዜማው እኔም አፌ ላይ ቀረ። የዛሬ ወር ገደማ የቤተ ክርስቲያን ኪችን ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ ሳንጎራጉር እትዬ ሰሙኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ መዝሙር መሰላቸው። እኔም ሳላርማቸው ዕቃ ማጠቤን ቀጠልኩ።

«ቄሳችን ሰምተው ወደዱት» አሉኝ ዛሬ። «‹ልጆቹ የፈረንጅ ዜማ እያመጡ አስቸገሩን፣ ይኼ ግን የኛው ነው› አሉ።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «እትዬ፣ ይኼ ዜማ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ሳልስት አልቀርም። ለዚህ አይደል ለፍልሰታ አንቺ የምትመሪው!»

በርበሬውን ረስቼ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ለንስሐ አባቴ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። ንስሐ አባቴ ራሳቸው ቄሱ ናቸው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቤት እስክደርስ ሳላስበው እየዘመርኩት ነበር፣ በእትዬ ግጥም። ደግሞ ያምራል። ነገ ሚስ ሩት ስትጀምረው በየትኛው ግጥም ልቀበላት ነው?