በዓይነ ስውሩ አባቴ ስም ስለምፈትሸው ሐዲድ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የጭነት ባቡር መስመር የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የተደላደለ፣ ዓይንዎም ከአባቴ ዓይን የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

በርዎ ላይ ያልቆመ ተመራቂ የለምና ሁላችንም የምንጠይቀውን ልጠይቅዎ፦ የባቡር ሥራ ለማግኘት ስንት ዓመት ደጅ መጥናት ይበቃል? «ክፍት ቦታ የለም» የሚለው ማስታወቂያዎ ከመስታወቱ ጀርባ ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል። እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ። በሲቪል ምሕንድስና በተመረቅሁ በሁለተኛው ወር ለስድስት ወር በተለማማጅነት ተቀበሉኝ፤ ያ ስድስት ወር ይኸው ሃያ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ውለታዎን ሳልዘረዝር ባልፍ ደግሞ ደግነትዎን መካድ ይሆንብኛል።

፩ኛ፣ በየማለዳው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ በእግሬ እየሄድኩ ብሎኑን፣ ማሰሪያውንና ጠጠሩን እፈትሻለሁ። የሚከፈለኝ «የትራንስፖርት አበል» ይባላል። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ይህን ማሰብዎ ልቤን ነክቶታል። አበሉም የጫማ ሶል ያስጠግናል፤ የአንዱን እግር።

፪ኛ፣ ተለማማጅ መዝገብ ላይ መፈረም ስለማይፈቀድለት፣ ባዘዙኝ መሠረት የምፈርመው በቋሚው ተቆጣጣሪ ስም ነው። ቋሚው ተቆጣጣሪ አባቴ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ፣ እርስዎም በሐኪም ወረቀት ካሰናበቷቸው ሦስት ዓመት ሆነ። በመዝገብዎ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፤ ክፍት ቦታ የጠፋውም ለዚሁ ነው። ደመወዛቸው ብቻ ወደ ቤታችን የሚመጣበት መንገድ ጠፍቶታል። ከሥራ ስመለስ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ሄድኩ?» ይሉኛል። አሥራ አንድ እላቸዋለሁ። «ታዲያ እግሬን ምነው አልደከመኝም?» ብለው ይስቃሉ። እናቴ አትስቅም።

፫ኛ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ከድልድዩ ቀጥሎ ባለው ኩርባ ላይ ሐዲዱ ተሰንጥቆ አገኘሁ። በዚያ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሚንቶ የጫነ ባቡር ያልፋል፤ የሚነዳው የእህቴ ባል ነው። ቀስ ብሎ ቢያልፍ ለዘገየበት ይቀጡታል። በዚያው ቀን መዝግቤ፣ በአባቴ ስም ፈርሜ አቀረብኩ። መልስዎ ባለፈው ሰኞ ደረሰን። ፈራሚው ተቆጣጣሪ በአካል ተገኝተው ስንጥቁን በዓይናቸው አይተው እስኪያረጋግጡ ድረስ ጥገና አይታዘዝም ይላል። ማኅተሙ በጣም ያምራል።

ትእዛዝዎን ተቀብለናል። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት አባቴን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኩርባው እወስዳቸዋለሁ፤ በዓይናቸው ባይሆን በጣታቸው ያያሉ። እርስዎም ይምጡ። መምጣት ካልቻሉ እስከዚያ ባቡሩን አስቁመው መልስ ይጻፉልን። እኔ ይህን ሥራ አሁንም እወደዋለሁ፤ የምለምነው የሠራተኛ ደመወዝና በገዛ ስሜ መፈረም ነው። ይህን ግልጽ ደብዳቤ ከምታነቡት መካከል በሰው ስም የምትፈርሙ ተመራቂዎችም ካላችሁ ሐሙስ ኑ፤ ሁላችንም በየስማችን የምንፈርምበት አንድ ወረቀት ይዤ እጠብቃችኋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሐዲድዎ ላይ እንጂ በመዝገብዎ ላይ የሌለሁ ትሑት አገልጋይዎ፣
የቋሚው ተቆጣጣሪ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቤታችን ከኩርባው አይርቅም፤ አባቴም ባያዩ ይሰማሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የባቡሩ መንኮራኩር ስንጥቁ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይል ነበር፣ አሁን «ቋ» ይላል ብለውኛል። ይህንንም ፈራሚው ተቆጣጣሪ ያቀረቡት ሪፖርት አድርገው ይመዝግቡልን።