የሞተሩ ጂግለርና የዝናሽ መርፌ

ረቡዕ፣ የካቲት 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም ካርቡሬተሩን ፈታሁ። በሳምንት ሦስተኛ ጊዜዬ። አጠብኩ። ጂግለሯን፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ፀጉር የምታህል ቀዳዳ ያላትን የነሐስ ብሎን፣ እንደ ሁልጊዜው በሚስቴ የስፌት መርፌ ጠረግሁ። ገጠምኩ። ገመዱን ሳብኩ። ተነሳ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሞተ። እሳት የሚያፈልቀው ካንዴላም ጥላሸት ብቻ።

ደብተሬ፣ ይህ ሞተር እኔ እጅ ላይ ሲሆን ጤነኛ ነው። የሚታመመው ሞላ ዘንድ ውሎ ሲመጣ ነው። ሞላ ማለት የሚስቴ የዝናሽ ታናሽ ወንድም። ሞተሩ የጋራችን፤ ሦስት ቀን እሱ ቲማቲሙን፣ ሦስት ቀን እኔ ሽንኩርቴን ከጎሊና ወንዝ እየሳብን እናጠጣለን።

ሐሙስ፣ የካቲት 4፣ ከት/ቤት መልስ

ክፍል ውስጥ ልጆቹ ላይ ጮህኩ። ንዴቴ በሽንኩርቱ ነበር። ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

ሞላን ቤንዚኑን ከየት እንደሚገዛ ጠየቅሁት። ከሮቢት፣ መንገድ ዳር፣ በሃይላንድ። ይኸው! በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ እንደሚጨመርበት የማያውቅ ማን አለ? ስታጠፋውስ ቤንዚኑን ዘግተህ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ጠጥቶ እስኪጨርስ ትጠብቃለህ? አልኩት። አዎ አለ። አላመንኩትም። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው!

እሁድ፣ የካቲት 7፣ ከቅዳሴ በኋላ

ሽማግሌ ፊት ቀረብን። የጠራሁት እኔ ነኝ። ላምባ ጨምሮበታል አልኩ፣ ጥቁሩን ካንዴላ አሳየሁ። መምህር አይደለሁ፣ ማስረዳት አያቅተኝም። ሽማግሌዎቹ ሞላን በልጆችህ ማልና ነገሩ ይለቅ አሉት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"ለአንድ ጣሳ ቤንዚን ብዬ የልጆቼን ስም አልጠራም። ካላመናችሁኝ ሞተሩን ይያዘው" አለ።

የማይምል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፤ እዚህ አገር ፍርዱ እንዲህ ነው። አዝመራው እስኪነሳ ሞተሩ እኔ ዘንድ እንዲቆይ ተወሰነ። ዝናሽ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ወንድሟ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ግን ሐቅ አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9፣ ቆቦ

አዲስ ቤንዚን አደረግሁበት። ያው ጥቁር ጭስ። ካርቡሬተሩን ተሸክሜ ቆቦ፣ መካኒኩ ኑሩ ዘንድ። ከሞላ የተረፈውን ቤንዚንም በሃይላንድ ይዣለሁ፣ ማስረጃ ብዬ።

ኑሩ ጂግለሯን ወደ ፀሐይ አነሳ፣ በአንድ ዓይኑ አየ። በምን እንደምጠርጋት ጠየቀኝ። በኩራት መርፌዋን ከኮቴ ኮሌታ ነቅዬ አሳየሁት። ሱብሐነላህ እያለ ሳቀ። ነሐስ ለስላሳ ነው አለ፤ ብረት በገባበት ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ቤንዚን እየጠጣ ይታፈናል። በአፍ መንፋት ይበቃ ነበር። የሞላን ቤንዚን ጨርቅ ላይ አፈሰሰ። ጠበቅን። ተነነ፣ ቅባት አልተወም። ላምባ የሚባል የለበትም።

አዲስ ጂግለር ገጠመልኝ። አሮጌዋን በክብሪት ቤት አድርጎ ሰጠኝ። እዚያው ብትጠፋ በወደድኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

ሞተሩ ያለ ጭስ ይሠራል። ሽንኩርቱ ጠጣ። ዝናሽ በስንት ቀኗ ተናገረች፤ ምን ሆኖ ነበር? ቆሻሻ ነበር አልኳት።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚለውንም አውቃለሁ፤ ተረትና ምሳሌ የማስተምረው እኔ ነኝ። የተማርኩ አህያ!

ዓርብ፣ የካቲት 12

ሞላ በአህያ ጀሪካን ጭኖ ከወንዝ ሲመላለስ አየሁት። ቲማቲሙ አበባውን እያራገፈ ነው። በዝናሽ በኩል መልእክት ላከብኝ። ስድብ መስሎኝ ነበር። መምህር ሲያጠፉት ቤንዚኑን መዝጋት እንዳይረሱ፣ ካርቡሬተሩ እንዳይደፈን፣ ነው ያለው።

ምሳ አልበላሁም። ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ፣ ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ ብዬ ነበር። ሰው ፊት የከሰስኩትን፣ እዚያው ሰው ፊት ልመልስ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ እስከ ነገ ሰበብ አላጣም። ቲማቲሙም ሽማግሌ አይጠብቅም።

ሞተሩን ጋሪ ላይ ጭኛለሁ። ዛሬ ሞላ ማሳው ላይ ውሃ ሲያጠጣ ያድራል። ዝናሽ ወዴት ነው አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። መርፌዬን መልስ አለች፣ ሌላ የለም።

ነገ ሽማግሌዎቹ መርፌዋን ካዩ በኋላ እመልስልሻለሁ አልኳት።